የየቲም ውርስና የችሎት በር

አንድ ሙስሊም አባወራ ሲሞት ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጀናዛው ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ከዚያ ዕዳው ይከፈላል፤ ኑዛዜ ካለው ከሲሶው ሳያልፍ ይፈጸማል፤ የቀረው አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ በደነገገው መሠረት ለወራሾች ይከፋፈላል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሆኖም በታሪካችን ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት በዕዳውና በወራሾቹ ድርሻ መካከል ሌላ ተካፋይ ገብቶ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። ይኸውም ችሎቱ ራሱ ነው። ቃዲው፣ ከቃዲው በታች ናኢቡ፣ ከናኢቡ በታች ጸሐፊው፣ ውርስ አካፋዩና ባለጉዳይ ጠሪው ከሟች ንብረት ላይ የየድርሻቸውን ያነሡ ነበር።

ይህን ማንሣት ደስ የማይላቸው ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። «የእስልምናን ታሪክ ለማጠልሸት የሚተጉ ሰዎች የሚናገሩት ይበቃ የለም ወይ?» ይላሉ። ነገር ግን ይህን ጉድለት ከማንም አስቀድመው በብዕራቸው ያጋለጡት የራሳችን ዑለማዎች ናቸው። እነርሱ ሳይፈሩና ሳያፍሩ የጻፉትን እኛ ብንደብቀው ክብራቸውን አንጠብቅላቸውም፤ ድካማቸውን ነው የምናባክነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዳኛ ሰው ነው፤ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ልጆች ያሳድጋል። ቀኑን ሙሉ የሰዎችን ሙግት ሲሰማ የሚውል ሰው ነግዶ ወይም አርሶ ማደር ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለቡን የሚችለው ሰው ያስፈልጋል። ማን ይቻለው? በይተል ማል ካልከፈለው፣ በፊቱ የሚቆሙት ባለጉዳዮች መክፈላቸው አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። የኢማም አቡ ሐኒፋ ታላቅ ተማሪ የነበሩትና በ182 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 798) ያረፉት ኢማም አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ» ላይ በቀጥታ መልሰውታል። ኸሊፋው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ፣ በቃዲው እጅ ከሚገቡት ውርሶች ላይ የቃዲው መተዳደሪያ ሊከፈል ይችላል ወይ የሚል ነበር። የአቡ ዩሱፍ መልስ አይቻልም የሚል ነው። ቃዲው ለሀብታሙም ለድኻውም፣ ለትልቁም ለትንሹም ጠባቂ እንዲሆን ቀለቡን ከበይተል ማል ይቀበል፤ ከባለክብሩም ሆነ ከተራው ሰው ውርስ አይንካ አሉ። እዚያ ላይ አላቆሙም። ብዙዎቹ ቃዲዎች ለሚሠሩት ሥራ ደንታ ያላቸው እንደማይመስላቸው፣ በዙሪያቸው ያሉት ሰዎችም አብዛኞቹ የቲም ቢደኸይና ወራሽ ቢጠፋ እንደማይገዳቸው፣ አላህ የረዳው ብቻ እንደሚተርፍ ጨምረው ጻፉ። ይህን የጻፉት የመንግሥቱ ዋና ቃዲ ሆነው ሳለ ነው። «በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች» የምትለዋን አስተውሉልኝ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነርሱ ነውና።

የጥንቶቹ ቃዲዎች ሁሉ እንዲህ ነበሩ ማለት ግን አይደለም። በ350 ዓመተ ሒጅራ (961) ያረፈው ታሪክ ጸሐፊ አል-ኪንዲ ስለ ግብፅ ቃዲዎች በጻፈው መጽሐፍ ብዙ ደስ የሚያሰኝ ነገር እናገኛለን። ከ69 እስከ 83 ዓመተ ሒጅራ ቃዲ የነበረው ዐብዱራሕማን ኢብኑ ሑጀይራ ዳኝነቱን፣ የመስጊድ ተራኪነቱንና የበይተል ማል ኃላፊነቱን ደርቦ ይዞ፣ ከሌሎች አበሎቹ ጋር በዓመት 1,000 ዲናር ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ ከእጁ የሚቀር ነገር አልነበረውም፤ ለወገኑና ለወንድሞቹ ሰጥቶ ይጨርሰው ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው አቡ ኹዘይማ ደግሞ በወር የሚያገኘው 10 ዲናር ብቻ ነበር። ይህ ሰው ልብሱን ያጠበበት ወይም ለቀብር የወጣበት ቀን ከሆነ የዚያን ቀን ደሞዝ አይቀበልም፤ የሙስሊሞች ሠራተኛ ነኝ፣ በሌላ ሥራ ከዋልኩ ገንዘባቸው አይፈቀድልኝም ይል ነበር። በትርፍ ሰዓቱ የፈረስ ልጓም ገመድ እየሠራ አንዱን ለራሱ ይሸጣል፣ ሌላውን በእስክንድርያ ጠረፍ ለሚጠብቁ ወንድሞቹ ይልካል። ኸይር ኢብኑ ኑዐይም የተባለው ሌላው የግብፅ ቃዲ ዘይት ይነግድ ነበር። አንድ ወጣት ይህን አይቶ ቢገረም፣ ቃዲው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ በሌሎች ሆድ መራብ እስክትጀምር ጠብቅ አለው። ወጣቱ ነገሩ የገባው አግብቶ ልጆች ሲወልድ ነው።

እነዚህ ሰዎች ከባለጉዳይ ላለመብላት ሲሉ ገመድ ገመዱ፣ ዘይት ሸጡ። ታዲያ ነገሩ በየት በኩል ተበላሸ?

የተበላሸው በዋናው በር አይደለም። ለፍርድ ዋጋ መቀበል ሐራም መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም። በሱረቱል በቀራህ 188ኛው አንቀጽ የሰዎችን ገንዘብ በግፍ ለመብላት ወደ ዳኞች ማቅረብ ተከልክሏል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ ሰብሳቢ አድርገው የላኩት ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ባላቸው ጊዜ፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር በሕዝብ ፊት እንደጠየቁ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህ ሁሉ ግልጽ ነበር። የገባው በጓሮ በር ነው። ከተማዎች ሲሰፉ፣ ሙግት ሲበዛ፣ ቃዲው ብቻውን ሊሠራው አልቻለም። የሚጽፍለት፣ ባለጉዳይ የሚጠራለት፣ በሩቅ ወረዳ የሚተካለት፣ መሬትና ውርስ ለክቶ የሚያካፍልለት ሰው አስፈለገው። ዑለማዎችም ፍርድ ግዴታው ቢሆንም ሰነድ መጻፍ ግን የቃዲው ግዴታ አይደለምና ለጽሕፈቱ ተመጣጣኝ ዋጋ ቢቀበል ይፈቀዳል አሉ። ምክንያቱ የሚያስኬድ ነው፤ ወረቀትም ቀለምም ድካምም ዋጋ አለው።

ዳሩ ግን ፉቀሃዎቹ አደጋውን አላጡትም። በ428 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ቁዱሪና በ593 ያረፉት የ«ሒዳያ»ው ባለቤት አል-መርጊናኒ ስለ አካፋዮች የጻፉትን ተመልከቱ። ቃዲው ከበይተል ማል የሚከፈለው አካፋይ ቢሾም የተሻለ ነው፤ ካልተቻለ ከባለጉዳዮቹ ይከፈለው። ነገር ግን ቃዲው ሰዎችን በአንድ አካፋይ ብቻ እንዲገለገሉ አያስገድድ፤ አካፋዮቹም ማኅበር ገብተው በአንድነት እንዲሠሩ አይፍቀድላቸው፤ ዋጋውን ተስማምተው ያስወድዱታልና። ከ800 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ደንብ የገበያን ጠባይ አብጠርጥሮ ለሚያውቅ ሰው የሚስማማ ነው። የሚያሳዝነው በኋለኛው ዘመን የሆነው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ961፣ ማለትም አል-ኪንዲ ባረፈበት በዚያው በ350 ዓመተ ሒጅራ፣ በባግዳድ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሆነ። ኸሊፋው አል-ሙጢዕ ስሙ ብቻ ቀርቶ ሥልጣኑ በቡወይሂዱ አሚር በሙዒዝ አድ-ደውላ እጅ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑል ሐሰን ኢብኑ አቢ ሸዋሪብ የተባለ፣ ከታወቀ የቃዲዎች ቤተሰብ የተወለደ ሰው፣ በየዓመቱ 200,000 ዲርሃም ለአሚሩ ሊከፍል ተዋውሎ ዋና ቃዲነቱን ያዘ። ታሪክ ጸሐፊዎች ቃዲነትን በኮንትራት የያዘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው ይላሉ። ኸሊፋው ይህን አሳፋሪ ድርጊት ስለ ጠላ በፊቱ እንዳይቀርብ፣ በክብር ሰልፉም እንዳይገኝ ከለከለው። ቢሆንም መንገዱ አንዴ ተከፍቷልና ከቃዲነቱ ቀጥሎ የገበያ ተቆጣጣሪነቱና የከተማ ጥበቃውም በኮንትራት ተሰጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ተሻረ። የተተካው ዑመር ኢብኑ አክሠም ከዚያ ክፍያ ነፃ ሆኖ ተሾመ፤ የተሻረው ሰው የሰጣቸው ፍርዶችና መዝገቦችም እንዲሰረዙ ታዘዘ።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። 200,000 ዲርሃም የሚከፍል ቃዲ ገንዘቡን ከየት ያመጣዋል? ልጓም ገምዶ አይሆንም። ከላይ የከፈለ ከታች መሰብሰቡ የማይቀር ነው። ከታች ያሉት ደግሞ በእርሱ ሹመት ሥር ያሉ ምትኮች፣ ጸሐፊዎችና የውርስ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በታች ያለው ባለጉዳዩ ነው። አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አላት። ሹመቱን በገንዘብ የገዛ ሰው ግን ሳይበላ ቢሻር ቁጭት ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ዕዳም ጭምር ነው።

በካይሮም ነገሩ እንዲሁ ሄደ። ሱልጣን በይበርስ በ663 ዓመተ ሒጅራ (1265) ለአራቱ መዝሀቦች አራት ዋና ቃዲዎች ከሾሙ በኋላ እያንዳንዱ ቃዲ የራሱን ናኢቦች የመሾም ሥልጣን ነበረው። የናኢቦቹ ቁጥር እየበዛ ሄደ፤ ሱልጣኖቹ ይቀነስ ብለው ያዝዛሉ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይበዛል። በዚህ ዘመን ውስጥ ያለፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ራሱ ናኢብ ሆኖ ሠርቷል፤ የካይሮ ገበያ ተቆጣጣሪም ነበር። ስለዚህ የሚጽፈው በወሬ የሰማውን አይደለም። በ808 ዓመተ ሒጅራ (1405) በግብፅ ስለ ደረሰው ረኃብና የኑሮ ውድነት በጻፈው አጭር መጽሐፍ፣ ለመከራው የመጀመሪያ ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው የዓባይን መጉደል አይደለም። ሚኒስትርነት፣ ቃዲነት፣ የክፍለ ሀገር ገዥነትና የገበያ ተቆጣጣሪነት በጉቦ መሸጣቸውን ነው። ሹመት የገዛው ሰው ገንዘቡ የብድር ስለሆነ ከሕዝቡ ለመንጠቅ ይቸኩላል፤ ገበሬው ሲራቆት መሬቱን ጥሎ ይሄዳል፤ መሬቱ ሲጾም እህል ይጠፋል። የዳኛን ወንበር ከዳቦ ዋጋ ጋር አያይዞ ያየ ሰው በዚያ ዘመን ብዙ አይገኝም፤ በእኔ አስተያየት ከአል-መቅሪዚ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ሊነበብ የሚገባው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ዑስማኒያው መንግሥት እንምጣ፤ ነገሩ በመዝገብ ተጽፎ የተገኘው እዚያ ነውና። ዑስማኒያዎች የሸሪዓ ፍርድ ቤትን በየወረዳው አደረሱ። ቃዲው ይፈርዳል፣ ይመዘግባል፣ የገበያ ዋጋ ያያል፣ የወቅፍ ሒሳብ ይመረምራል። ይሁን እንጂ የወረዳው ቃዲ በአመዛኙ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደሞዝ አይቀበልም፤ የሚኖረው ከሚሰበስበው የዳኝነት ገንዘብ ነው። ሰነድ ሲጽፍ፣ ማኅተም ሲያደርግ፣ ኒካሕ ሲፈቅድ፣ ውርስ ሲያካፍል ይከፈለዋል። የውርሱ ክፍያ በደንቡ ከ1,000 አቅቼ 15 ነበር። አቡ ዩሱፍ አይቻልም ያሉት ነገር፣ የአቡ ሐኒፋን መዝሀብ በሚከተል መንግሥት የታወቀ ደንብ ሆነ ማለት ነው።

የሹመት ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። የወረዳ ቃዲ ቀድሞ ሁለት ዓመት ይቆይ ነበር፤ በኋላ ወደ 20 ወር ወረደ። ከዚያ ተሽሮ ወደ ኢስታንቡል ይመለስና ሌላ ወረዳ እስኪሰጠው ያለ ገቢ ደጅ ይጠናል። ስለዚህ በ20 ወር ውስጥ ለሚጠብቀው የሥራ ፈትነት ዘመን ስንቅ መያዝ አለበት። ትልልቆቹ ዑለማዎች ደግሞ አንድ ወረዳ «አርፓሊቅ» ተብሎ ይሰጣቸው ነበር፤ ቃሉ የገብስ ማለት ነው፣ ለፈረስ ገብስ መግዣ እንደ ማለት። እነርሱ ወረዳውን አይረግጡትም። ኢስታንቡል ተቀምጠው ናኢብ ይልካሉ፤ ናኢቡም ከሚያገኘው ላይ በየወሩ ይከፍላቸዋል። የአገራችን አረጋውያን የጉልት ገዥን የሚያስታውሱ ነገሩ በቀላሉ ይገባቸዋል፤ ልዩነቱ እዚህ የተጎለተው ፍርድ መሆኑ ነው።

ናኢቡ ለወንበሩ ከፍሏል፣ ወይም ሊከፍል ተዋውሏል። እርሱም በተራው ባለጉዳይ ጠሪውን፣ ማለትም ሙህዚሩን፣ እንዲሁም ጸሐፊውንና ውርስ አካፋዩን ይዟል። ሙህዚሩ ባለጉዳይ በጠራ ቁጥር ከባለጉዳዩ ይቀበላል፤ የሙህዚሮች አለቅነት ራሱ በቁርጥ ገንዘብ የሚያዝ ሥራ የሆነበት ጊዜ ነበር። ለወታደሮችና ለመንግሥት ሰዎች ውርስ ደግሞ የተለየ አካፋይ ከላይ ይላክ ነበርና፣ አንድ ሰው ሲሞት ወታደር ነው ወይስ ተራ ሰው በሚለው ላይ ሁለት አካፋዮች ይጣሉ ነበር። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ማለት ይህ አይደለምን?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከሱልጣኖቹ ደብዳቤዎች እንረዳለን። በ1595 ሱልጣን መሕመድ ሣልሳዊ፣ በ1609 ደግሞ ሱልጣን አሕመድ ቀዳማዊ «ዐዳለትናሜ» የሚባል የፍትሕ ትእዛዝ ለየክፍለ ሀገሩ አስተላለፉ። ቃዲዎችና ናኢቦች አጀብ አስከትለው መንደር ለመንደር እየዞሩ በገበሬው ላይ ይሰፍራሉ፣ በነፃ ይበላሉ፣ ሳይጠሩ የሟች ንብረት ይመዘግባሉ፣ ከደንቡ በላይ ይቀበላሉ የሚሉት የዘመኑ የታወቁ አቤቱታዎች ነበሩ። ደንቡ እኮ ግልጽ ነበር። ወራሾቹ ሁሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ከሆኑና ካልጠየቁ ችሎቱ በግድ ሊያካፍል አይችልም። የቲም ካለ ግን ድርሻው እንዳይጠፋ መመዝገብ አለበት። እንግዲህ ይህ የቲሙን ለመጠበቅ የተደረገ ነው። በተግባር ግን ትንንሽ ልጆች ትቶ የሞተ ሰው ቤት ለናኢቡ የተከፈተ በር ሆነ።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ቤት፣ ሁለት በሬና የመዳብ ዕቃ ትቶ ሞተ እንበል፤ በገበያ 10,000 አቅቼ ያወጣል። በደንቡ የችሎቱ ክፍያ 150 ነው። አካፋዩ ግን ንብረቱን 20,000 ብሎ ቢገምተው ክፍያው 300 ይሆናል፤ በሬዎቹ ግን ያው ሁለት ናቸው። ልጆቹ ከወረቀቱ ላይ ሀብታም ይሆናሉ፣ ከበረታቸው ግን ይቀነሳል። ለዚህም ነው የንብረት ግምትን ማጋነን ከሁሉ የከፋው በደል የሚመስለኝ፤ የሚከስሰው የለም፤ ባለጉዳዩ ገና የሚድኽ ሕፃን ነውና።

እነዚያ የውርስ መዝገቦች ዛሬም በኢስታንቡልና በካይሮ አሉ። ገጹ ከላይ የሟቹን ስም ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ካባ፣ አህያ። ቀጥሎ የሚቀነሰው ይመጣል፤ የከፈንና የቀብር ወጪ፣ ለሚስቲቱ ያልተከፈለ መህር፣ ዕዳ። በዚሁ ረድፍ ውስጥ የችሎቱ የማካፈያ ክፍያ፣ የጸሐፊው፣ የጠሪው ይጻፋል። የሚስቲቱ ስምንተኛ፣ የወንዱና የሴቷ ልጅ ድርሻ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በታች ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በእነዚሁ መዝገቦች ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ባሏ መህሯን የከለከላት ሴት ቀርባ ስትረታ፣ ገበሬ ሹመኛን ሲከስስ፣ ክርስቲያንና አይሁድ ሳይገደዱ ጉዳያቸውን ወደ ቃዲው ሲያመጡ እናነባለን። ችሎቱ ባይጠቅማቸው ኖሮ ከፍለው አይመጡም ነበር። በየወረዳው አቡ ኹዘይማን የመሰለ ሰው አልጠፋም ብሎ መገመትም ይቻላል። የሥርዓቱ ክፋት እንዲህ ያለው ሰው ገመድ እንዲገምድ ማስገደዱ፣ የሌላውን ግን በሕጋዊ ስም ማበልጸጉ ነው። ኮቺ ቤይ የተባለው የቤተ መንግሥት ሰው በ1631 ገደማ ለሱልጣን ሙራድ ራብዓዊ ባቀረበው ጽሑፍ የዕውቀት ማዕረግ በገንዘብ መሸጡንና ቃዲዎች ያለ ጥፋት በፍጥነት መሻራቸውን አምርሮ የነቀፈው ያለ ነገር አይደለም።

ማሻሻያው የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1838 ከደንብ ውጭ የሚቀበሉ ቃዲዎችንና ናኢቦችን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። በ1854 በኢስታንቡል የናኢቦች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1855 ደግሞ ናኢቦች በማዕረግና በፈተና እንዲሾሙ ተደነገገ። ለሹመቱ ገንዘብ ያለው ሰው ሳይሆን የተማረ ሰው እንዲታጭ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የቃዲዎች ትምህርት ቤት ተባለ።

«ናኢብ» የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በአገራችን የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የሸሪዓ ችሎቶችን በሦስት ደረጃ ሲያዋቅር የታችኛውን ደረጃ የሰየመው በናኢቦች ስም ነበር፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የየቲም ሞግዚትነት፣ ወቅፍና ውርስ የሚቀርቡት በእነዚህ ችሎቶች ዘንድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን እንደገና ሲያደራጅ ደረጃዎቹን የመጀመሪያ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ አላቸው። አያቶቻችሁ ውርስ የተካፈሉበት አሮጌ ወረቀት በሣጥናችሁ ውስጥ ካለ አውጥታችሁ እዩት፤ ከታች የናኢቡን ማኅተም፣ ከማኅተሙም በላይ የተቀነሰውን ገንዘብ ታገኙ ይሆናል።